መለኪያውን የት እንትከለው? ስለ ኔትወርኮች ትስስር የተከፈተ አንድ ረጅም ክር

ክሩ፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ የተከፈተው ውይይት፣ ረጅም ነው። መሃሉ ላይ ጭቅጭቅ አለበት፤ አንዳንዱ ምላሽም ከርዕሱ ጨርሶ ይወጣል። ሙሉውን ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ በራሴ አነጋገር እተርከዋለሁ። ቁጥሮቹ የምላሾቹ ተራ ናቸው፤ ዓመቶቹና ወሮቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የማላልፋቸው ቦታዎች ላይ የራሴን አስተያየት ጣል አደርጋለሁ።

መነሻ ጽሑፍ፦ ክሩን የከፈተው ልጅ የኢንተርኔት ኔትወርኮች እርስ በርስ እንዴት እንደሚገናኙ የሚያሳይ ካርታ ሊሠራ ተነስቷል። ማን የማን ደንበኛ ነው? እነማን ያለ ክፍያ ትራፊክ ይለዋወጣሉ? ይህን በአንድ ሥዕል ማየት ይፈልጋል። ያሰበው መንገድ ቀላል ነው። ከዳታ ሴንተሮች ርካሽ ቨርቹዋል ሰርቨሮች ይከራያል፣ ከእያንዳንዱ ወደ መላው ዓለም ትሬስራውት (ጥቅል፣ ማለትም ቁራጭ መረጃ፣ በየትኞቹ ራውተሮች እንደሚያልፍ የሚያሳይ ምርመራ) ይልካል፣ የመጣለትን ይገጣጥማል። ፍራንክፈርት፣ አምስተርዳም፣ ለንደን፣ ኒው ዮርክ፣ ሲንጋፖር እያለ ዝርዝሩን ደርድሯል። ነጥብ በበዛ ቁጥር ካርታው ይሟላል የሚል እምነት አለው። ስለዚህ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ነጥብ ይበቃል? አስቀድሜ ልናገርና፣ እስከ ክሩ መጨረሻ ድረስ ቁጥር የሰጠው ሰው የለም።

ምላሽ 1፦ የመጀመሪያው ሰው በጨዋ ደንብ ሰላምታ አቅርበው ጀመሩ። ከዚያ ልጁ ስንት ከማለቱ በፊት የምን ካርታ እንደሚፈልግ እንዲወስን መከሩት። አንዱ ካርታ እያንዳንዱን ኔትወርክ እንደ አንድ ነጥብ ቆጥሮ በመካከላቸው መስመር ያሰምራል። ሌላው ራውተር ከራውተር ጋር እንዴት እንደተያያዘ ያሳያል። ሦስተኛው ደግሞ መገናኛው የትኛው ከተማ፣ የትኛው ሕንጻ ውስጥ እንዳለ ይጠይቃል። ለአንዱ የሚበቃው ቦታ ለሌላው አይበቃም። አጭር መልስ ናት። በሰዓቱ ማንም ልብ አላላትም።

ምላሽ 2፦ ክሩ ቁም ነገር ያገኘው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊዋ የትልቅ ኔትወርክ ራውተሮችን ስታስተዳድር የኖረች ትመስላለች። የጻፈችው ባጭሩ ይሄ ነው። በዚህ ሥራ ቦታ ማለት ከተማ አይደለም፤ በደንበኛና በአቅራቢ ሰንሰለት ውስጥ የቆሙበት ደረጃ ነው። ኔትወርኮች ስለ መንገድ የሚነጋገሩት ቢጂፒ በተባለ የጋራ ቋንቋ ነው። ግን የሰሙትን ሁሉ ለሁሉም አያወሩም። ከደንበኛ የሰሙትን ለሁሉም ይናገራሉ፤ ደንበኛ ከፋይ ነዋ። ከአቻ ወይም ከአቅራቢ የሰሙትን ግን የሚነግሩት ለደንበኞቻቸው ብቻ ነው። ያለዚያ የሰው ትራፊክ በነጻ መሸከም ይሆንባቸዋል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ነው ዋናው። ሁለት ትንንሽ ኔትወርኮች ፒሪንግ (እንደ አቻ በቀጥታ ተገናኝቶ ያለ ክፍያ ትራፊክ መለዋወጥ) ቢያደርጉ፣ ያ መስመር የሚታየው ከራሳቸው ውስጥ ወይም ከነሱ ስር ካለ ደንበኛ ብቻ ነው። ከላይ የተቀመጠ አያየውም። ከጎን የቆመም አያየውም። ምሳሌዋ ጥሩ ነበረች፦ አስፋልት ዳር ቆሞ መኪና የሚቆጥር ሰው ሁለት ጎረቤቶች በአጥራቸው መሃል የከፈቷትን በር አያይም፤ አስፋልቱ ላይ መቶ ቆጣሪ ቢደረደርም ያው ነው። የልጁ ሰርቨሮች ደግሞ በሙሉ ዳታ ሴንተር ውስጥ ናቸው። ከመኖሪያ ቤት ኢንተርኔት አቅራቢ ስር አንድም የለውም። ስለዚህ ጥያቄው ስንት ሳይሆን ከማን ስር መሆን እንዳለበት ነው የነገረችው።

ምላሽ 3፦ ይሄኛው በ2 ቁጥር ሐሳብ ተስማምቶ ማስረጃ ጨመረ። በ2012 የወጣ አንድ ጥናት ተመራማሪዎች የአንድ ትልቅ የአውሮፓ ኢንተርኔት ኤክስቼንጅ (ብዙ ኔትወርኮች የሚገናኙበት ማዕከል) የውስጥ ትራፊክ መረጃ አግኝተው የሠሩት ነው። አባላቱ 400 ገደማ ነበሩ። በመካከላቸው ከ50 ሺህ በላይ በሥራ ላይ ያሉ የፒሪንግ መስመሮች ተገኙ። እስከዚያ ድረስ በመላው ኢንተርኔት ላይ አለ ተብሎ ከሚገመተው የፒሪንግ መስመር ብዛት ይበልጣል፤ ያውም ከአንድ ኤክስቼንጅ ብቻ! ካርታው የጎደለው ዳር ዳሩን ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው ያመጣው። መሃሉም ባዶ ነበር።

ምላሽ 4፦ ወዲያው አንዱ ብልጭ አለበት። ይሄ ሁሉ ፍልስፍና ለምን ያስፈልጋል ባይ ነው። የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ራውትቪውስ አለ። የአውሮፓው የኢንተርኔት አድራሻ መዝጋቢ የራይፕ ኤንሲሲ ሪስም ከ1999 ጀምሮ ይሠራል። ሁለቱም ከብዙ መቶ ኔትወርኮች የቢጂፒ መረጃ ይሰበስባሉ፣ በነጻም ይሰጣሉ። አውርዶ መጠቀም እያለ ሰርቨር መከራየት ገንዘብ ማባከን ነው አለ። አነጋገሩ ትንሽ የሚያዋርድ ነበር። ጉዳዩ ላይ ግን ጨርሶ አልተሳሳተም፤ ማንም ቢሆን መጀመር ያለበት ከእነዚህ ነው።

ምላሽ 5፦ ይሄኛው ሰው 4 ቁጥርን በትዕግሥት አረሙት። ዛሬ በቢጂፒ የሚታዩት ኔትወርኮች ከ70 ሺህ በላይ ናቸው። ለሁለቱ ሰብሳቢዎች መረጃ የሚሰጡት ተደምረው ከመቶ አንድ ገደማ ቢሆኑ ነው። ከነሱም ብዙዎቹ ከላይኛው ደረጃ ያሉ ወይም ከትልልቅ ኤክስቼንጆች ጋር የተያያዙ ናቸው። በዚያ ላይ አንድ ራውተር ለጎረቤቱ የሚነግረው የመረጠውን አንድ መንገድ ብቻ ነው። አምስት መንገድ ቢያውቅ አራቱ እዚያው ይቀራሉ። ብዙ መረጃ ሰጪም ሙሉ ሰንጠረዡን አይሰጥም። እንዲህ ሆኖ ሰብሳቢዎቹ ብዙ ናቸው ማለት ተመሳሳይ ነገር ብዙ ጊዜ መስማት እንዳይሆን ሠግተዋል።

ምላሽ 6 እና 7፦ አንድ ተማሪ ይቅርታ እየጠየቀ ሙሉ ሰንጠረዥ ምን እንደሆነ ጠየቀ። 2 ቁጥሯ ሴት ራሷ ተመልሳ በደግነት አስረዳችው። ሙሉ ማለት ያ ኔትወርክ ወደ መላው ኢንተርኔት የመረጠውን መንገድ በሙሉ መስጠቱ ነው፤ በአይፒቪ4 (በነባሩ የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት) ብቻ ከ900 ሺህ በላይ የአድራሻ ክልል። ጎዶሎ ማለት ደግሞ የራሱንና የደንበኞቹን ብቻ ሲሰጥ ነው። እንዲያ ያለው ሰብሳቢውን እንደ አቻ ስለሚያይ ነው። አቻ ለአቻ የሚነግረውን ብቻ ይነግረዋል። አንዱ ሙሉ ሰንጠረዥ የሚሰጥ ትንሽ ኔትወርክ ከአሥር ጎዶሎ ትልልቆች ሊበልጥ እንደሚችልም ጠቆመች። በፒሪንግ ያገኘውን ሁሉ ያሳያላ!

ምላሽ 8፦ የትሬስራውቱ ወገን እዚህ ጋ ገባ። ቢጂፒ የሚለው ሌላ፣ ጥቅሉ የሚሄድበት ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ጥቅሉን መከተል ይሻላል ባይ ነው። ለዚህ የሚመርጠው ራይፕ አትላስን ነው። አትላስ በ2010 ተጀመረ። ዛሬ በበጎ ፈቃደኞች ቤትና ቢሮ የተሰኩ ከ10 ሺህ በላይ ትንንሽ ፕሮቦች (የመለኪያ መሣሪያዎች) አሉት። ፕሮብ ያስተናገደ ሰው ክሬዲት ይጠራቀምለታል፤ በክሬዲቱም ከሌሎች ፕሮቦች መለካት ይችላል። ብዙዎቹ 2 ቁጥር የፈለገችው ቦታ ላይ ናቸው፤ ከቤት ኢንተርኔት አቅራቢዎች ስር።

ግን አንድ ነገር አልሸሸገም። ፕሮቡ የሚገኘው በጎ ፈቃደኛ ባለበት ነው። ጀርመንና አሜሪካ ተጨናንቀዋል። ሰፊ አካባቢዎች ደግሞ ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል። በዘፈቀደ መቶ ፕሮብ የመረጠ ሰው ሳያስበው የምዕራብ አውሮፓን ካርታ ይሠራል። በዘፈቀደ መምረጥ አድልዎ የለበትም ብሎ የሚያምን ካለ፣ ይህን ቢያነብ ይጠቅመዋል።

ምላሽ 9፦ ይሄ ሰው ትሬስራውትን የሚጠላ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ የመጣ የብልሽት መፈለጊያ ዘዴ እንጂ የካርታ መሣሪያ አይደለም ሲል አጣጣለው። አሠራሩ ብልሃት ነው፤ ጥቅሉ ዕድሜው አጭር ተደርጎ ይላካል፣ ዕድሜው ያለቀበት ራውተር መልስ ይመልሳል፣ በመልሱ ላይ ያለው አድራሻ ይመዘገባል። ችግሩ አድራሻው ሁልጊዜ የራውተሩ ባለቤት አይደለም። ሁለት ኔትወርኮች ሲገናኙ የማገናኛውን አድራሻ አብዛኛውን ጊዜ አቅራቢው ይሰጣል። የደንበኛው ራውተር በአቅራቢው አድራሻ ይመልሳል፤ ድንበሩ አንድ እርምጃ ተንሸራቶ ይነበባል። ጭነት በሁለት መንገድ ሲከፈል ደግሞ አንዱ ጥቅል በዚህ፣ ሌላው በዚያ ይሄድና በሌለ መስመር ይገጣጠማሉ። ኤምፒኤልኤስ (ጥቅሎችን በመለያ ምልክት የሚያሻግር አሠራር) ያለበት ኔትወርክ የውስጥ ራውተሮቹን ሊደብቅ ይችላል። አንዳንዱም ጭራሽ አይመልስም። የዘረዘረው ሁሉ እውነት ነው። አጻጻፉ ግን ሁላችንንም እንደ ጀማሪ የሚቆጥር ነበር።

ምላሽ 10፦ መልሱ ወዲያው መጣ፤ ለስለስ ያለ አልነበረም። 9 ቁጥር ሰዓቱ የቆመበት ሰው እንደሆነ በሽሙጥ ተነገረው። የጭነት መከፋፈሉን ችግር ፓሪስ ትሬስራውት በ2006 መላ አበጅቶለታል፤ የጥቅሉን መለያ ሳይቀይር ስለሚልክ ሁሉም ጥቅል በአንድ መንገድ ይሄዳል። በኔትወርኮች መካከል ላለው ድንበርም በ2016 ቢዲአርማፕ፣ በ2018 ደግሞ ቢዲአርማፕ አይቲ የተባሉ መሣሪያዎች መጡ። ከብዙ አቅጣጫ የመጡ ምልክቶችን አንድ ላይ አይተው ራውተሩ የማን እንደሆነ ይገምታሉ። ከዚህ በኋላ ሁለቱ በየመሃሉ እንካ ሰላንቲያ ቀጠሉ። ያንን አልተርክም፤ ብዙውም ተሰርዟል።

እኔን የገረመኝ፣ ሁለቱም ያላነሱት ነገር ነው። ድንበሩን በትክክል ለመለየት ራሱ ከብዙ አቅጣጫ ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ የመሣሪያው ጥራትና የቦታው ምርጫ አይነጣጠሉም።

ምላሽ 11፦ አንዱ ከራሱ ተሞክሮ አካፈለ። ኪራዩ ርካሽ ነበር። ድርጅቱ ሰርቨሩ በጣም ሩቅ በሆነ፣ ፕሮብ በማይገኝበት አገር እንደሚገኝ ጽፏል። ሰውየው ደስ ብሎት ከፈለ። ከዚያ ፒንግ ሲያደርግ (ጥቅል ልኮ ምላሹ የሚፈጀውን ጊዜ ሲለካ) በሌላ አህጉር ያለ የታወቀ ማሽን በ2 ሚሊሰከንድ መለሰለት። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ደርሶ መልስ ከሆነ እያንዳንዱ ሚሊሰከንድ ቢበዛ 100 ኪሎ ሜትር ርቀት ነው። 2 ሚሊሰከንድ ማለት ማሽኑ 200 ኪሎ ሜትር ባልሞላ ርቀት ውስጥ አለ ማለት ነው። በወረቀት የሩቅ አገር፣ በተግባር የቅርብ ጎረቤት! የድርጅቱን ስም እንዲናገር ብዙዎች ወተወቱት፤ እምቢ አለ። ምክሩ ግን ይጠቅማል። ማንኛውም ነጥብ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ቦታው በፒንግ ይፈተሽ። ይህ ለማስላት ቀላል ነው፤ ሊዋሽም አይችልም። ማሽን መልሱን ሊያዘገይ ይችላል እንጂ ከብርሃን ሊያስቀድመው አይችልም።

ምላሽ 12 እና 13፦ ከርዕስ መውጣቱ ተጀመረ። አንዱ ፒንግ የሚለውን አይቶ የትኛው ቪፒኤን ፈጣን እንደሆነ ጠየቀ። ሌላው ተቆጣው። ይለፈን።

ምላሽ 14፦ ለእኔ የክሩ ምርጥ ምላሽ ይሄ ነው። ጸሐፊው የኋላ ታሪክ አመጡ። በ1999 ሦስቱ የፋሉትሶስ ወንድማማቾች ከቢጂፒ መረጃ ተነስተው አንድ ታዋቂ ጽሑፍ አወጡ። ጥቂት ኔትወርኮች እጅግ ብዙ ጎረቤት፣ እጅግ ብዙዎቹ ደግሞ ጥቂት ጎረቤት አላቸው፤ ስርጭቱም የፓወር ሎው ሕግ ይከተላል የሚል ነው። ዓለም ተቀበለው። በ2003 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች አንድ ተንኮለኛ ሙከራ አደረጉ። እንዲህ ያለ ጠባይ ጨርሶ የሌለው፣ በዕጣ የተያያዘ ሰው ሠራሽ ኔትወርክ ወሰዱ። ከጥቂት ነጥቦች ወደ ብዙ መድረሻ መንገድ እየተከተሉ ካርታ ሠሩለት። በካርታው ላይ ያንኑ የፓወር ሎው የመሰለ ስርጭት አገኙት።

ምክንያቱ ሲነገር ግልጽ ነው። ከአንድ ነጥብ የሚወጡ መንገዶች እንደ ዛፍ ይዘረጋሉ። ለነጥቡ ቅርብ የሆነው ራውተር ቅርንጫፎቹ በሙሉ ይታያሉ። የሩቁ ግን የገባበትና የወጣበት ብቻ ይታያል፤ የጎን መስመሮቹ አይታዩም። እናም ቅርቡ ገናና፣ ሩቁ ድሃ መስሎ ይወጣል። ስለዚህ ቦታ ሲመረጥ የሚወሰነው ምን እንደሚጎድል ብቻ አይደለም፤ የሚታየው ነገር ቅርጹ ምን እንደሚመስልም ጭምር ነው። ጎዶሎ ካርታ ጎዶሎ መሆኑ ቢታወቅ ጉዳት የለውም። የተዛባ ግን ሙሉ መስሎ ይታያል።

ምላሽ 15፦ የክሩ ባለቤት ተመለሰ። እስካሁን ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ የተወሰኑ ሰርቨሮች ተከራይቶ ሞክሯል። መጀመሪያ እያንዳንዱ አዲስ ነጥብ ብዙ አዲስ መስመር አመጣለት። ከዚያ እየቀነሰ ሄደ። በመጨረሻ የሚጨምረው ነጥብ ምንም ያህል አዲስ ነገር አልሰጠውም። ግራፉን ለጠፈ፤ እውነትም ጠፍጣፋ ሆኗል። እንግዲህ ካርታው ሊሞላ ተቃርቧል ማለት ነው፣ እናንተ ግን አካብዳችሁታል የሚል መንፈስ ነበረው።

ምላሽ 16፦ ለዚህ የመጣው መልስ ምሕረት አልነበረውም። ጸሐፊው ግራፉ የጠፈጠፈው ኢንተርኔት ስላለቀ ሳይሆን የልጁ ነጥቦች ዓይነት ስላለቀ ነው አለ። ሁሉም ኪራይ ሰርቨሮች በተመሳሳይ ጥቂት ትልልቅ አቅራቢዎች በኩል ይወጣሉ። መስኮቱን ሳይቀይሩ ዓይን ቢጨምሩ ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። የሚጨመር ነጥብ ጥቅሙ እየቀነሰ መሄዱ ከ2001 ጀምሮ በጥናት የታወቀ ነገር ነው። የዚያ ጥናት ሰዎች ግን ጥቅሙ ቀነሰ አሉ እንጂ ካርታው ሞላ አላሉም። 2 ቁጥርንና 14 ቁጥርን በትኩረት እንዲያነብ በማዘዝ ቋጨ። ነገሩ ትክክል ነው፤ ድምፁ ግን ፈተና የወደቀ ተማሪ ላይ እንደሚጮህ መምህር ነበር።

ምላሽ 17 እና 18፦ ልጁ ቅር አለው። ሊማር የመጣን ሰው እንዲህ ማዋረድ ምን ይሉታል ሲል ጻፈ። አድሚኑ ገብቶ ሁለቱንም ለዘብ እንዲሉ ለመነ። 16 ቁጥር ይቅርታ አልጠየቀም፤ ከዚያ በኋላ ግን በምሳሌ መጻፍ ጀመረ። እሱም ከይቅርታ አይተናነስም።

ምላሽ 19፦ አንዲት ተመራማሪ ነገሩን ወደ ሥራ አወረደችው። መጀመሪያ እጩዎቹ በሙሉ ይሰብሰቡ፤ ኪራይ ሰርቨር፣ የአትላስ ፕሮብ፣ የቢጂፒ ሰብሳቢ ጎረቤት፣ ሁሉም። ከእያንዳንዱ ትንሽ ናሙና ይወሰድ። ከዚያ አንድ በአንድ ይመረጥ። በየዙሩ የሚመረጠው ትልቁ ወይም ታዋቂው አይደለም፤ እስካሁን ካሉት ጋር በጣም የማይመሳሰለው፣ ወይም ብዙ አዲስ መስመር የሚያመጣው ነው። ለአትላስ በ2022 የወጣው ሜቲስ የተባለ መሣሪያ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ሐሳብ አለው፤ ከተመረጡት የራቀውን እየጨመረ ይሄዳል። በዚህ መንገድ የተመረጡ ጥቂቶች በዘፈቀደ ከተመረጡ ብዙዎች ሊበልጡ ይችላሉ።

ለልጁ ግራፍ ደግሞ ፈተና ሰጠችው። ከእጩ ነጥቦቹ አንዱን ዓይነት በሙሉ ይደብቅ፤ ለምሳሌ ከቤት ኢንተርኔት ያሉትን። በቀሩት ካርታውን ይሥራ። ከዚያ የተደበቁት የሚያውቁት መስመር ስንቱ ካርታው ላይ እንዳለ ይቁጠር። ግራፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ይሄ ቁጥር ዝቅተኛ ከሆነ፣ ጠፍጣፋው ምንም አይናገርም። እኔ በዚህ ክር ውስጥ ከዚህ የተሻለ ተግባራዊ ምክር አላየሁም።

ምላሽ 20፦ ኪራይ ሰርቨሮቹን የሚከላከል ሰው በመጨረሻ ተገኘ። 2 ቁጥር በሕጉ ትክክል ናት፤ ግን ሕጉ በሌላ በኩልም ይሠራል። ሰርቨሩ የተከራየው ከጉግል፣ ከአማዞን ወይም ከማይክሮሶፍት ደመና (ክላውድ) ከሆነ፣ ከኔትወርኩ ውስጥ ነው የተቆመው። ከውስጥ የቆመ ደግሞ የዚያን ኔትወርክ አቻዎች ያያል። እነዚህ ኩባንያዎች እጅግ ብዙ ፒሪንግ አላቸው፤ አብዛኛው በሕዝብ ሰብሳቢዎች ዘንድ አይታይም። በ2020 የወጣ ጥናት ከደመናዎቹ ውስጥ በትሬስራውት ለክቶ ቢጂፒ ከሚያሳየው እጅግ የበዙ ጎረቤቶች አግኝቷል። ዛሬ የትራፊኩ ትልቅ ድርሻ ከእነዚህ የሚነሳ ስለሆነ፣ ለብዙ ጥያቄ ዋናው መስመር ይሄ ነው። ልጁ ይቺን ምላሽ ሲያይ የተጽናና መሰለኝ።

ምላሽ 21፦ 2 ቁጥር ደስ ብሏት ተቀበለችው፤ ማሻሻያ ግን ጨመረች። ሁለት ትልልቅ ኔትወርኮች የሚገናኙት አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ኔትወርክ ትራፊኩን ከመነሻው አጠገብ ባለው መውጫ ለጎረቤቱ ያስረክባል። ሌላው በራሱ አውታር እስከ መድረሻው አቅራቢያ ይሸከማል። የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ፣ ከአንድ ከተማ የሚለካ ሰው የሚያየው የዚያን አካባቢ መውጫ ብቻ ነው። የቢዲአርማፕ ሰዎች በአንድ ትልቅ የቤት ኢንተርኔት አቅራቢና በአንድ አቻው መካከል 45 የራውተር መገናኛዎች አግኝተዋል። በኔትወርክ ደረጃ ካርታ ላይ እነዚህ ሁሉ አንዲት መስመር ናቸው። እዚህ ላይ ነው የ1 ቁጥር ጥያቄ የተመለሰችው። አንዲቷ መስመር ከበቃችህ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ 45ቱን ከፈለግህ ግን በዚያው ኔትወርክ ውስጥ፣ በተለያየ ከተማ መሰራጨት አለብህ። ለዚህ ሥራ ጂኦግራፊ ትርጉም አለው።

ምላሽ 22 እና 23፦ አንዱ ይሄ ሁሉ ድካም ለማን ይጠቅማል ብሎ ጠየቀ። ሌላው ታሪክ ጠቀሰለት። የካቲት 2008 የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገር ውስጥ ሊዘጋ ሲል የተሳሳተ መንገድ ወደ ውጭ አምልጦ ዩቲዩብ በብዙ የዓለም ክፍል ለሁለት ሰዓት ያህል ጠፍቶ ነበር። ጥቅምት 2021 ደግሞ ፌስቡክ የራሱን መንገዶች ከቢጂፒ አንስቶ ለስድስት ሰዓት ገደማ ተሰወረ። ሁለቱንም ደቂቃ በደቂቃ መከታተል የተቻለው ሰብሳቢዎቹ ተተክለው ስለነበር ነው። ከዚህ ተነስቶ ወሬው ፌስቡክ ሲጠፋ ማን ምን ሲያደርግ ነበር ወደሚለው ገባ። ብዙ ሳቅ፣ ጥቂት ጥቅም።

ምላሽ 24፦ አንድ የኔትወርክ አስተዳዳሪ በቁጣ መጡ። ካርታ ሠሪዎች ሁሉ ስለ ቦታ ሲያወሩ፣ ቦታው የሰው ንብረት መሆኑን ይረሳሉ ባይ ናቸው። ወደ መላው የአድራሻ ክልል ትሬስራውት ሲላክ እሳቸው ጋ ማስጠንቀቂያ ይጮሃል፤ አቤቱታውም ለሰርቨር አከራዩ ይደርሳል፤ አከራዩ ደግሞ ሰርቨሩን ይዘጋዋል። ስለዚህ ለአከራዩ አስቀድሞ መንገር፣ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ማን ምን እንደሚለካ የሚያስረዳ ገጽ ማዘጋጀት፣ አትላኩብን የሚሉትን መተው ያስፈልጋል። ቤቱ ፕሮብ ያስተናገደ ሰውም አለ፤ ከሱ ቤት ምን እንደሚላክ ማሰብ ይገባል። ቁጣቸው ሲነሳ ያለ ልክ ነበር፤ ዝርዝራቸው ግን ልክ ነው። የተከለከለ ነጥብ ከካርታው የሚጠፋ ነጥብ ነው።

ምላሽ 25፦ አንዱ መለካት ሳያስፈልግ የሚገኝ መረጃ እንዳለ አስታወሰ። ብዙ ኔትወርኮች ማንም ገብቶ ከራውተራቸው ሆኖ ማየት የሚችልበት ሉኪንግ ግላስ የሚባል ገጽ አላቸው። ፒሪንግዲቢ በተባለው መዝገብ ላይ ደግሞ ኔትወርኮች ራሳቸው በየትኛው ኤክስቼንጅና ሕንጻ እንዳሉ ይመዘግባሉ። ይህ ነጥብ የት እንደሚጠቅም ለመገመት ጥሩ ነው። ግን መዝገቡን የሚሞሉት ባለቤቶቹ ናቸው፤ ያረጀም፣ የጎደለም አለ። በዚያ ላይ ሁለት ኔትወርኮች አንድ ኤክስቼንጅ ውስጥ መገኘታቸው ብቻ ተገናኝተዋል ማለት አይደለም። 9 ቁጥር እዚህ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰው ጋር ተስማማ።

ምላሽ 26፦ ልጁ አዲስ ዕቅድ ይዞ መጣ። ስንት የሚለውን ጥያቄ ትቶታል። የሚያጠናው በቤት ኢንተርኔት አቅራቢዎችና በይዘት ኩባንያዎች መካከል ያለውን ትስስር ብቻ እንዲሆን ወስኗል። ኪራይ ሰርቨሮቹን አብዛኞቹን ዘግቶ ከየትልቁ ደመና አንድ አንድ ያስቀራል። በሌላኛው ጫፍ በ19 ቁጥር መንገድ የተመረጡ የአትላስ ፕሮቦች ይኖራሉ፤ የራውትቪውስና የሪስ መረጃ ከመጀመሪያው ይገባል። የተደበቀ ነጥብ ፈተናውንም አድርጎ ውጤቱን ሊለጥፍ ቃል ገብቷል። 16 ቁጥር አውራ ጣት ብቻ አስቀመጠለት።

ምላሽ 27፦ የመጨረሻው ምላሽ ጥያቄ ነው፤ ይህን እስከጻፍኩ ድረስ መልስ አላገኘም። ይሄ ሁሉ የተባለው ስለ አይፒቪ4 ነው፤ በአዲሱ የአድራሻ ሥርዓት በአይፒቪ6 ላይ ያው ነጥቦች ይሠራሉ ወይ? ጠያቂው ምሳሌ አቀረበ። ኮጀንትና ሀሪኬን ኤሌክትሪክ የተባሉት ሁለት ታላላቅ ኔትወርኮች በአይፒቪ6 ለመገናኘት ለብዙ ዓመታት አልተስማሙም። በ2009 ሀሪኬን የፒሪንግ ልመና የተጻፈበት ኬክ አስጋግሮ በኔትወርክ ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ አቅርቦ ነበር፤ ኮጀንት ግን አልተበገረም። እንግዲህ በአይፒቪ6 ከአንደኛው ብቻ ስር ያለ ነጥብ ከሌላው ብቻ ስር ያለውን ወገን ጨርሶ ላያየው ነው። በአይፒቪ4 ጎበዝ የነበረ ነጥብ በአይፒቪ6 ግማሽ ዕውር ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ምርጫውም እንደ አዲስ መሠራት ሊኖርበት ነው። ጠያቂው የኬኩን ፎቶም ለጥፏል። ለጊዜው ከክሩ ሁሉ ብዙ መውደድ ያገኘው እሱ ነው።